ቋጠሮው ወደ ታች የሆነ ቅቤ

ወንድሜ ዳንኤል ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ቅዳሜ ነው። የተለየ ነገር አልነበረውም። እናቴ ከጊምቢቹ ገበያ ጨውና ሳሙና ገዝታ ተመለሰች። አባቴ የአጥሩን በር ሲያስተካክል ዋለ። ዳንኤል ታሪክ ከሚያስተምርበት ከሆሳዕና ወደ ቤት መጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክሉን አጠበ። የሥራ ባልደረባው ያዋሰው ነው። እኔ ውኃ አቀብለው ነበር።

"ነገ አብረን እንሂድ" አለኝ። "ሀደሮን አታውቃትም።"

"ነገ ጨዋታ አለብኝ።"

"ኳስ እኮ በየሳምንቱ አለ።"

"ሀደሮም በየሳምንቱ አለች።"

ሳቀ፤ የሳሙናውን አረፋ ፊቴ ላይ ረጨው። ሌላ ምንም አልተባባልንም።

እናቴ ይዞት የሚሄደውን ቅቤ በኮባ ጠቀለለች። ኮባ የእንሰት ቅጠል ነው፤ እንሰት የማይበቅልበት አገር ያለ ሰው ያነበው ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። እኛ ዘንድ ሩቅ ቤት በባዶ እጅ አይኬድም። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ በቃጫ ይታሰራል። በሌላው ሰው ቤት ቋጠሮው ከላይ ነው። በእኛ ቤት ከታች ነው። እናቴ ጥቅሉን ትገለብጥና ሆዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥራ መልሳ ታስተኛዋለች። ጎረቤቶቻችን "የእናንተ ቅቤ በሆዱ ይተኛል" እያሉ ይስቁብናል። እናቴ ይህን ከአማቷ ተማረች። አማቷ ደግሞ ከራሷ አማት፣ ከቅድመ አያቴ ከሎምባሜ ተማረች። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት ዳንኤል ሄደ። ዘንቦ ነበር። ከአንጋጫ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ። ከሰዓት በኋላ አመጡልን። ስልኩ ተሰብሮ ነበር። ቦርሳው ግን ደህና ነበር፤ ቅቤውም እንደታሰረ ነበር። እናቴ አልፈታችውም፤ ለማንም አልሰጠችውም። ቦርሳው ውስጥ ከነበረው ደብተሩ ጋር ጓዳ አስቀመጠችው።

ለምን ሀደሮ ይሄድ እንደነበር መናገር አለብኝ። በጣሊያን ዘመን ሎምባሜ ሆሳዕና ለሰፈረው የጣሊያን ጦር ቅቤ ትሸጥ ነበር። ይህን እኛም አንክድም። ነገር ግን "አርበኞችን አሳልፋ ሰጠች" ተባለ። ይህ ወሬ ከሀደሮ በኩል መጥቶ ጊምቢቹ ገበያ ላይ በአደባባይ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን "የጣሊያን ቅቤ" ይባላል። አባቴ እናቴን ሲያጭ የእናቴ አጎቶች አንስተውት ነበር። በእድር ስብሰባ ላይ አባቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "ቅቤው ቀለጠ" ይላል። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ።

ዘንድሮ የቀበሌያችን ሽማግሌዎች የአርበኞችን ስም በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለማጻፍ ተስማሙ። የጦረኞቹን ብቻ አይደለም። የውስጥ አርበኞችንም ጭምር ነው፤ እነርሱ ጠላት መሃል እየኖሩ ወሬ ለጫካው የሚያቀብሉ ሰዎች ነበሩ። ዳንኤል "ሎምባሜ የውስጥ አርበኛ ነበረች" አለ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ሀንዳሞ "ወሬው ከሀደሮ መጣ፤ ምስክሩም ከሀደሮ ይምጣ" አሉ። ዳንኤል ሲጠይቅ ሲያጠያይቅ በስልክ አንድ ቤት አገኘ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ "ሀደሮ። ዝንጅብል ነጋዴው ማቴዎስ። እናታቸው ያውቃሉ። በስልክ አይሆንም ብለዋል።"

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር አለፈ። አቶ ሀንዳሞ ቤታችን መጥተው "ሠዓሊው ሰኞ ይጀምራል። እሁድ ስሞቹን እንዘጋለን" አሉ። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔ "እሄዳለሁ" አልኩ። እናቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ኮባ ልትቆርጥ ነበር።

ሐሙስ

ከጊምቢቹ ሆሳዕና በሚኒባስ ሄድኩ። ይህን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ አልጽፈውም። በመናኸሪያው ረዳቱ "ዱራሜ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

"አንድ ሰው አላልክም እንዴ?" አልኩት።

"አንተ አንድ አይደለህም?" አለኝ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። አጠገቤ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ተቀመጠች። ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል አየች።

"ቅቤ ነው?"

"አዎ።"

"ወደ መስኮቱ አዙረው። ለቅሶ ነው የምሄደው፤ ነጠላዬ ነጭ ነው።"

አዞርኩት። ትንሽ ቆይታ "አንተስ ወዴት ነህ?" አለችኝ። ሀደሮ፣ ሰው ልጠይቅ አልኳት። ወንድሜ መሞቱን አልነገርኳትም። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ሌላ ለቅሶ አይጨመርበትም ብዬ ነው።

አንጋጫ ከመድረሳችን በፊት ቁልቁለቱ መጣ። ቦታውን አያለሁ ብዬ ቤት ሳለሁ ወስኜ ነበር። ስንደርስ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አልፈነዋል። የትኛው መታጠፊያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዱራሜ ከሆሳዕና ታንሳለች፤ ጸጥም ትላለች። ሆሳዕና ባጃጅ ሰውን ይገፋል፤ እዚህ ሰው ባጃጅን ይገፋል። አንዱ ጭቃ ውስጥ ገብቶበት ሦስት ሰዎች ሲገፉለት አየሁ፤ ተሳፋሪዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከከተማው በላይ የአምበሪቾ ተራራ አለ። ሰዎች ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ። እኔ ከታች ሆኜ አየሁት፤ በቃኝ።

ያደርኩት ከዳንኤል ጋር ኮሌጅ አብሮ በተማረው በመምህር ጴጥሮስ ቤት ነው። በለቅሶው ጊዜ እኛ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጦ ነበር። ባለቤቱ አስቴር ትባላለች። ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበች። የእነርሱ ቆጮ ከእኛ ይሳሳል፤ ጠርዙም ይንኮሻኮሻል። የእናቴ ወፍራም ነው። የቱ እንደሚሻል አልተናገርኩም፤ አስቴር ግን ፊቴን እያየች ነበር።

"የሆሳዕና ሰው ቆጮ ትራስ የሚያክል ካልሆነ አይጠግብም" አለች።

"ብላ፣ አትስማት" አለ ጴጥሮስ። "ዳንኤልም መጀመሪያ እንደዚህ ነበር፤ ኋላ እስከ ሰባት ቁራጭ ይቆጥር ጀመር።"

ጴጥሮስ ከመብላታችን በፊትም ከበላን በኋላም ጸለየ። በሁለተኛው ጸሎት የዳንኤልን ስም ጠራ፤ ድምፁ ተቋረጠ። አስቴር "አሜን" ብላ ጨረሰችለት።

ዳንኤል ሲመጣ የሚተኛበትን አልጋ ሰጡኝ። አልፈልግም፣ መሬት ይበቃኛል አልኩ። ተከራከርን። በመጨረሻ አስቴር ቅቤውን ከእጄ ወሰደችና "ይኸው፣ ይህ ቀዝቃዛ ቦታ ያድራል፤ አንተ ሙቅ ቦታ ታድራለህ" አለች። ተኛሁ።

ዓርብ

ስነሳ ቅቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኮባው አዲስ፣ አረንጓዴ ነው፤ ጤዛው ገና አልደረቀም።

"ያንተ ጠውልጎ ነበር" አለች አስቴር። "በጠወለገ ኮባ ሰው ቤት ይገባል? ምን ይሉሃል? ከጓሮ ቆርጬ ቀየርኩልህ። ቋጠሮውም ተገልብጦ ነበር፤ አስተካከልኩት።"

ቋጠሮው ከላይ ነበር። እናቴ ብታየው ደስ እንደማይላት አወቅሁ። ነገር ግን በማለዳ ተነስቶ ጤዛ ረግጦ ኮባ የቆረጠልህን ሰው ምን ትለዋለህ? አመሰገንኳት።

ወደ ሀደሮ በሚወስደው መንገድ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ከፈነዳው የባሰ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ዞረው አዩትና "ይህስ በሕይወቱ አየር አይቶ ያውቃል?" አሉ። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እስኪጠገን ድረስ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እየወረድን በሄድን መጠን ሙቀቱ ይጨምራል። ሹራቤን አውልቄ ቅቤው ላይ ጣልኩ።

ሀደሮ ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበልህ የዝንጅብል ሽታ ነው። በየደጁ፣ በየሸራው ላይ ተሰጥቷል። እኛ ዘንድ ዝንጅብል በጣት የሚቆረጥ ነገር ነው፤ እዚህ በአካፋ ይገለበጣል። አንዱን ሰው "ዝንጅብል ነጋዴው ጋሽ ማቴዎስ የት ናቸው?" አልኩት።

"የትኛው ማቴዎስ? እዚህ ዝንጅብል የማይነግድ ማቴዎስ የለም።"

"እናታቸው በሕይወት ያሉት።"

"እንደሱ በል እንጂ" ብሎ እስከ በሩ ወሰደኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሸራ ላይ ዝንጅብል እያገላበጡ አገኘኋቸው። ከጊምቢቹ መምጣቴን፣ የሎምባሜ ልጅ ልጅ ልጅ መሆኔን ተናገርኩ። አካፋውን አቁመው አዩኝ።

"ሁለት ወር ዘገየህ" አሉ። "ያን እሁድ ሙሉ ቀን ጠበቅንህ። በግ አርደን። ስደውል ስልክህ ዝግ ነው።"

"እኔ አይደለሁም" አልኩ።

እናታቸው እማማ ራሔል ከበሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከምባትኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛውንም ይሰማሉ። አንድ ነገር አሉ፤ ልጃቸው ተረጎሙልኝ፦

"'የሎምባሜ ዘር ቃል አይጠብቅም ብዬ አልነበረም?' ነው የምትለው።"

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ይላካል፤ ዙሪያውን ይኬዳል፤ ሰውየው ይቀመጣል። እኔ ግን ቆሜ፣ ሹራቤን በእጄ ይዤ፣ "እየመጣ ነበር። መንገድ ላይ ሞተ። ቀጠሮ ያላችሁት ከወንድሜ ጋር ነበር" አልኩ።

ጋሽ ማቴዎስ አካፋውን ጣሉ። እማማ ራሔል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ አለቀሱ። አይተውት የማያውቁትን ሰው ነው ያለቀሱት። ጎረቤቶች ምን ሆነ ብለው መጡ፤ ሲነገራቸው እነርሱም ተቀመጡ። ዳንኤል ሀደሮን ረግጦ አያውቅም፤ ግን በዚያ ደጅ ለእርሱ ለቅሶ ተቀመጡለት። አንድ ሽማግሌ ጸለዩ። እኔ ቤታችን በለቅሶው ጊዜ አላለቀስኩም ነበር፤ ወንበር አመላልስ ነበር። እዚያ አለቀስኩ።

ሰው ከወጣ በኋላ ምሳ አቀረቡልኝ። እማማ ራሔል በአማርኛ "ሙት አማሁ" አሉኝ። "እሁድ ማታ በጉን ስንበላ ስሙን በክፉ አነሳሁ። እርሱ ያኔ ሞቷል።"

"አላወቁም እኮ፣ እማማ" አልኳቸው።

"አለማወቅ ምሕረት ነው እንዴ?" አሉ።

ቅቤውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጣታቸውን ቋጠሮው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ገልብጠው ከሥር አዩት። መልሰው ወደ ጎን አስቀመጡት። ፊታቸው ቀዘቀዘ። ለልጃቸው አንድ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

ጋሽ ማቴዎስ አፈሩ። "'እንደማንም ሰው ቅቤ ነው' ነው ያለችው። የሎምባሜ ቤት ቅቤ እንዴት እንደሚታሰር እናቷ ነግራት ነበር። ይህን ለማየት ነው በስልክ አይሆንም ያለችው።"

"እናቴ እንዲህ አላሰረችውም" አልኩ። "ዱራሜ ያደርኩበት ቤት ኮባው ጠውልጓል ብለው ቀየሩልኝ። በደግነት ነው። የእኛ ቋጠሮ ከታች ነው።"

ጋሽ ማቴዎስ ሊተረጉሙ ሲሉ እናታቸው በእጃቸው አስቆሟቸው። ሰምተውታል።

"እሰረው" አሉኝ።

ከጓሮ ኮባ መጣ፤ ቃጫም መጣ። በሕይወቴ ቅቤ አስሬ አላውቅም፤ የሴት ሥራ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ነገር ግን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። የአስቴርን ኮባ ፈታሁ። ቅቤው ትንሽ ለስልሶ ነበር። ጠቀለልኩ፤ ጫፎቹን አጠፍኩ፤ ገለበጥኩ። ሆዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩና መልሼ አስተኛሁት። ቋጠሮዬ የላላ ነበር።

እማማ ራሔል እጃቸውን ከጥቅሉ ሥር አስገብተው ቋጠሮውን ዳሰሱ።

ከዚያ ነገሩኝ፤ ልጃቸው ተረጎሙ። ሎምባሜ ቅቤ ይዛ እስከ ጣሊያኖቹ ወጥ ቤት ትገባ ነበር። ለጉዞ ዳቦ ሲጋገር፣ በቅሎ ሲጫን ታያለች። ወታደር የሚወጣ ከሆነ ቅቤውን ሌላ ሰው እንደማይቋጥረው ከታች ትቋጥራለች። ከታች ማለት "ከተደበቃችሁበት አትውጡ" ነው። ከላይ ከሆነ መንገዱ ሰላም ነው። ቅቤው ከገበያ ገበያ ይሄዳል። ዱራሜ አጠገብ አንዲት ሴት ትቀበለዋለች፤ ከእርሷ የእማማ ራሔል እናት ይወስዱታል። ከዚያ ወደ ቆላው፣ ወደ ተደበቁት ይደርሳል። ለመሃሏ ሴት ምንም አልተነገራትም ነበር። የጋብቻ ዘመዶች ቅቤ የሚላላኩ ነበር የሚመስላት። ያላወቀ ሰው ቢያዝም የሚያወጣው የለውም ብለው ነው።

"አንድ ቀን" አሉ እማማ ራሔል፣ "እኔ ያኔ ጀርባ ላይ የምታዘል ሕፃን ነበርኩ፣ ቋጠሮው ከላይ የሆነ ቅቤ መጣ። የእናቴ ወንድም ላሌቦ መንገዱ ሰላም ነው ብሎ ወጣ። ወታደሩ መንገዱ ላይ ነበር። አልተመለሰም።"

ውጭ ዝንጅብሉን የሚያገላብጡት ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

"ሸጠችን አልን። ወንድሞቹ ጊምቢቹ ድረስ ሄደው ገበያ መሃል ሰደቧት። አንድ ቃል አልመለሰችም። ዝም ያለችው ስላደረገችው ነው አልን።"

"ምን ትበል?" አሉ ጋሽ ማቴዎስ፤ ይህን ሳይተረጉሙ ለራሳቸው ነው ያሉት። "ጣሊያን ገና አልወጣም። 'እኔ በትክክል አስሬ ልኬ ነበር' ካለች እኮ ራሷን አሰቀለች። ቅቤውን የምትቀበላትንም፣ አያቴንም ጭምር።"

እማማ ራሔል መሬት ላይ የተጣለውን የአስቴርን ኮባ አነሱ። ገና አረንጓዴ ነበር። አገላብጠው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ያደርክበት ቤት ያለችው ሴት ደግ ናት?"

"በጣም ደግ ናት።"

"የመሃሏም ሴት ደግ ነበረች ትል ነበር እናቴ። ቅቤውን ልትወስድ ስትሄድ ወተት ሳታጠጣት አታሰናብታትም።" ኮባውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። "ስለ ቅቤው ይህን ሁሉ ዘመን አወራን። ኮባውን ማን ቀየረው ብሎ የጠየቀ የለም።"

ስልኬን አውጥቼ ድምፃቸውን እንድቀዳ ጠየቅኳቸው። ፈቀዱ። መጀመሪያ ስማቸውንና የእናታቸውን ስም ተናገሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ላሌቦ የወጣበትን ቅቤ ማን እንዳሰረው አላየሁም፤ አየሁ ብዬ አልዋሽም። ሎምባሜ ግን ከእኛ ጋር ትሠራ ነበር። ብዙ ጊዜ ሰዎቻችን በእርሷ ቋጠሮ ተርፈዋል። በእርሷ ላይ የተናገርነውን ሳንጠይቅ ነው የተናገርነው።" ደግሞ ጨመሩ፦ "ስሟን የምትጽፉ ከሆነ ላሌቦን ከጎኗ ጻፉት። ተለያይተው ብዙ ቆዩ።"

ያን ቀን እዚያው አደርኩ። አልጋ ላይ ሆኜ ማሰብ አልፈለግኩም፤ ግን መጣብኝ። ዳንኤል ያን እሁድ ጠዋት የያዘው ቅቤ ቋጠሮው ከታች ነበር።

ቅዳሜ

ጋሽ ማቴዎስ አንድ ኩንታል ዝንጅብል ሊጭኑልኝ ፈለጉ። "በምን ልሸከመው?" አልኩ። ተከራክሬ ወደ አንድ ፌስታል አወረድኳቸው፤ ፌስታሉ ግን ዱራሜ ሳልደርስ ተቀደደና ዝንጅብሉ ሚኒባሱ ውስጥ ተበተነ። ሰው ሁሉ ከወንበር ሥር እየለቀመ መለሰልኝ። አንዲት እናት የለቀሙትን ሲሰጡኝ "አንዷን ለሳሌ አስቀርቻለሁ" አሉኝ።

ዱራሜ ላይ ለአስቴር ግማሹን ዝንጅብል ሰጠኋት። የሆነውን አልነገርኳትም። "ቅቤውን ወደዱት?" አለችኝ። "ወደዱት" አልኳት፤ ውሸት አይደለም።

ቁልቁለቱ ላይ በዚህኛው ጉዞ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ሦስት መታጠፊያ አለ። ሦስቱንም አየሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ገና ሳልቀመጥ "የታሰረው ትክክል ነበር?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

"አማቴ ስታሳየኝ" አለች፣ "'ከላይ አትቋጥሪ፤ ሎምባሜ ከላይ የተቋጠረ ቅቤ ቤቷ አይገባም' ብላኝ ነበር። ጠባይዋ መስሎኝ ነበር።"

አባቴ የእማማ ራሔልን ድምፅ ከስልኬ ሦስት ጊዜ ሰማ። በሦስተኛው ተነስቶ ወጣ። የአጥሩን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ሰማሁት፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ስልኬን ሰዎቹ መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ማቴዎስ የተረጎሙትም አብሮ ተቀድቷል። አንዱ ሽማግሌ "አላየሁም ትላለች እኮ" አለ። ሌላው "ላሌቦ የሚባለው የእኛ ቀበሌ ሰው አይደለም፤ እንዴት ግድግዳችን ላይ ይጻፋል?" አለ።

አቶ ሀንዳሞ ቆብ አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። "የእኛ ቀበሌ ቅቤስ የት ነበር የሚሄደው?" አሉ። "ምስክር ከሀደሮ ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። መጣ። አላየሁም ያለ ምስክር አይቻለሁ ከሚለው ይሻለኛል።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "እኔም 'ቅቤው ቀለጠ' ብዬ ስቄያለሁ። ይቅር በለኝ።"

አባቴ "እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" አለ። ስብሰባ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ጸሐፊው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ጻፈ። ከመዝጋቱ በፊት አቶ ሀንዳሞ "የአምጪውን ስም ከሥር እንጻፍ?" ብለው ጠየቁኝ። የዳንኤልን ማለታቸው ነበር። ግድግዳው የዚያ ዘመን ሰዎች ነው፤ ዳንኤል ታሪክ አስተማሪ ነበር፤ እንደዚያ ማቀላቀል አይወድም ነበር። "አይሆንም" አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ትክክል መለስኩ ወይ እያልኩ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ጓዳ ገብቼ የዳንኤልን ቅቤ አወጣሁ። እናቴ አየችኝ፤ አልከለከለችኝም። ኮባው ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እናቴ አጥብቃ ነበር ያሰረችው። ቅቤው በስሏል፤ ሽታው ጠንካራ ነው፣ ግን ደህና ነው። ጓሮ ወጥቼ አዲስ ኮባ ቆረጥኩ። ጠቀለልኩት። ቋጠሮውን ከላይ አደረግኩት፤ ሁለት ጊዜ፣ አጥብቄ።

ወደ ሆሳዕና ይዤው ሄድኩና መናኸሪያው ውስጥ ወደ ሀደሮ የሚሄድ መኪና አገኘሁ። ለሾፌሩ የጋሽ ማቴዎስን ስልክ ቁጥር ጻፍኩለት።

"ማን ላከው ልበላቸው?" አለኝ።

"ዳንኤል በላቸው" አልኩት። "አደራ፣ መንገድ ላይ ኮባውን ማንም እንዳይቀይረው።"